ዋና በጉልምስና የተማረ ሰው ድሉን እንዴት ያክብር፦ ከገንዳው ልኬት እስከ ቡናው

በባሕር ዳር ሆቴሎች ገንዳ ከሠላሳና ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ዋና የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። መዋኘቱን ይማሩታል፤ የተማሩትን ማክበር ግን አይሆንላቸውም። አንዱ የመጀመሪያውን 25 ሜትር ይጨርስና «ይቺ ምን አላት፣ የጣና ዳር ልጅ በሰባት ዓመቱ ይዋኛት የለም ወይ» ብሎ ፎጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ሌላው ደስታው ገንፍሎ ጓደኞቹን ይሰበስብና ቢራ ቀማምሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሌላዋ ደግሞ «ዋኝቻለሁ» ትላለች እንጂ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳየ አልያዘችም፤ ትንሽ ቆይታ ራሷም መጠራጠር ትጀምራለች። ሦስቱም ዓይነት ሰው ገንዳውን ቶሎ ሲተው አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም፤ ምክንያቱም የከበደውን ሥራ ጨርሰው ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩ። በተለይ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 2ን አይዝለሉ። በዓል የሚበላሽ የሚመስለው በዕለቱ ነው፤ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ይጠፋል፣ ይቀየራል፤ ደብተር ይሻላል።
- የግንበኛ ሜትር፣ ረጅሙን።
- አንድ እፍኝ ሽምብራና ሁለት ብርጭቆ፣ ለቆጠራ። ብርጭቆው የፕላስቲክ ይሁን፤ በገንዳ ዳር የተሰበረ ጠርሙስ እግር ይቆርጣል።
- ሰዓት የሚይዝ ስልክ፣ ለምስክሩ።
- የዋና መነጽር፣ ፎጣ፣ ደረቅ ልብስ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ።
- ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ።

ደረጃ 1፦ ድሉን ከመዋኘትዎ በፊት ይጻፉት

«ዋና መቻል» ብለው አይጻፉ። ማለቂያ የለውም፤ ማለቂያ የሌለው ነገር አይከበርም። ሌላ ሰው ዳር ቆሞ አይቶ «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ሊል የሚችለውን ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ፦

- ፊትን ውኃ ውስጥ እያስገቡ አየር ማስወጣት፣ በተከታታይ 10 ጊዜ
- በጀርባ ተንጋልሎ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ፣ 30 ሰከንድ
- በጥልቁ በኩል ግድግዳ ሳይዙ ባሉበት መቆየት፣ 2 ደቂቃ
- 25 ሜትር ሳይቆሙ
- 100፣ 400፣ 1,000 ሜትር ሳይቆሙ

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች «ወንዝ እንዳትወርድ፣ ውኃ ይወስድሃል» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ምክሩም ትክክል ነበር። ያንን ፍርሃት ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ የኖረ ሰው ፊቱን ውኃ ውስጥ አስገብቶ በእርጋታ አየር ሲያስወጣ የሠራው ሥራ ከ1,000 ሜትር አያንስም። እኔ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ስለዚህ ያለ ኀፍረት ይጻፉት፤ ያለ ኀፍረትም ያክብሩት።

የሌላ ሰው ስም ያለበት ግብ አይጻፉ። «ከእገሌ መቅደም» የሚለው ድል በእርስዎ እጅ አይደለም፤ እገሌ ያን ቀን ጉንፋን ቢይዘው ያሸነፉት ማንን ነው?

*ምን እንደሚጽፉ ከጠፋዎት*፦ ከሦስት ወር በፊት የማይችሉትን አንድ ነገር ያስቡ። ዛሬ ለጥቂት የሚያመልጥዎት ከሆነ እሱን ይጻፉ። ጭራሽ የማይቀርብዎት ከሆነ ግማሹን ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ገንዳውን ይለኩ

የውድድር ገንዳ 25 ወይም 50 ሜትር ነው። የሆቴል ገንዳ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያጥራል፤ አንዳንዱም ጎኑ ጎበጥ ያለ ነው። «25 ነው» ቢሉዎት አመስግነው ሜትርዎን ያውጡ።

1. ለሁለት ሆነው ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘርጉ። ገንዳው ጎባጣ ከሆነ ጠርዙን ተከትለው አይለኩ፤ የሚዋኙበትን ቀጥተኛ መስመር ይለኩ።
2. ያቀዱትን ርቀት ለገንዳው ርዝመት ያካፍሉ። ገንዳው 18 ሜትር ቢሆንና 400 ሜትር ቢያቅዱ 22 ጊዜ ተዋኝቶ 4 ሜትር ይቀራል። ስለዚህ 23 ጊዜ ይዋኛሉ፤ 414 ሜትር ይሆናል። ሁልጊዜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያጠጋጉ።
3. ከምስክሩ ጋር በቆጠራው ይስማሙ። «ዙር» ሲባል አንዱ መሄጃውን ብቻ፣ ሌላው ደርሶ መልሱን ይቆጥራል፤ በዚህ የተነሣ ግማሹን ዋኝተው ሙሉውን ያከበሩ ሰዎች አሉ። አንድ ጫፍ መንካት አንድ ነው ብለው ይወስኑ።
4. ወለሉ ከየት ጀምሮ እንደሚጠልቅ ይዩና ዳር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ነጠላ ጫማ ማስቀመጥ ይበቃል።

*ሆቴሉ መለካት ቢከለክል*፦ በገንዳው ጎን በተለመደው እርምጃዎ ይሂዱና ይቁጠሩ። ቤት ገብተው አሥር እርምጃዎን በሜትር ይለኩና ያስሉ። ትንሽ ቢዛነፍ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይዋኙ።

ሰዓትዎን ከሌላ አገር ሰው ሰዓት ጋር አያስተያዩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ይበልጣል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ረዘም ያለ ዋና ቶሎ ያደክማል። ጅቡቲ ወርዶ የዋኘ ዘመድዎ በአየሩም ይቀልለዋል፣ ጨው ያለበት ውኃም ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። የእርስዎ ሰዓት የሚተያየው በዚያው ገንዳ ካለፈው የራስዎ ሰዓት ጋር ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ምስክር ይያዙ

ሁለት ሰው ያስፈልግዎታል። አንዱ ሽምብራውን ይቆጥራል፦ ጫፍ በነኩ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሌላው ምንም አይቆጥርም፤ ዓይኑን ከእርስዎ አይነቅልም። ይህኛው ዋና የሚችል፣ ቢቻል አሠልጣኝ ወይም የገንዳው ጠባቂ ይሁን። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው አይስጡ፤ ቁጥሩን ሲያይ እርስዎን አያይም።

ፌዝ የሚወድ ሰው አይጥሩ፤ የቅርብ ጓደኛም ቢሆን። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት 400 ሜትር ልሞክር ነው። እርስዎ እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። እጄን ካነሣሁ የገንዳውን ረጅም ዘንግ ይዘርጉልኝ፤ ሌላ ምንም አይጨነቁ።» ጥያቄው ግልጽ ሲሆን የተጠየቀው ሰውም ነገሩን በቁም ነገር ይይዘዋል።

ሰው እያያት መዋኘት የሚከብዳት ሴት ሁለቱንም ምስክሮች ሴት ታድርግ፤ ገንዳው ጭር የሚልበትን ሰዓትም አስቀድማ ትጠይቅ። ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ይለበስ፤ ጥጥ ልብስ ግን ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድና ወደ ታች ስለሚጎትት አይሆንም።

*ምስክሩ ቢቀር*፦ ቀኑን ያስተላልፉ። ብቻዎን አይሞክሩ፤ «አንዴ ብቻ» ብለውም አይሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ይምረጡ

ጿሚ ከሆኑ ረቡዕንና ዓርብን ይተዉ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው ረጅም ዋና መሞከር ራስ ያዞራል። የሁዳዴው 55 ቀንም ሆነ ረመዳን እንዲሁ ነው፦ ልምምዱን ቀለል አድርጎ መቀጠል ይቻላል፤ ፈተናው ግን ይቆይ። በዓሉን በጾም ቡናና በቆሎ ማክበር ምንም አይጎድለውም፤ የማይሆነው በባዶ ሆድ መፈተኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ገንዳው በልጆች ይሞላል። ክረምት ላይ የማይሞቅ ገንዳ ይቀዘቅዛል፤ የጎጃም መብረቅ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ነጎድጓድ ከሰሙ ወዲያው ይውጡ፤ የመጨረሻውን ከሰሙ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ።

ከዋዜማው ጀምሮ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይቅመሱ። ፈተናው ሊጀምር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ዳቦ በሻይ ወይም ሙዝ ይብሉ።

ደረጃ 5፦ የፈተናው ሰዓት

1. ታጥበው በጎድጓዳው ሳይሆን በዝቅተኛው በኩል ይግቡ። ዘለው አይግቡ።
2. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ይዋኙ። ትንፋሽዎ ሲስተካከል ያቁሙና ትንሽ ይረፉ።
3. ምልክቱን ከምስክሩ ጋር ይድገሙ፦ እጅ መነሣት ማለት «አውጡኝ» ማለት ነው።
4. ሲጀምሩ ጉልበትዎ ከሚፈቅድልዎ ዘገም ይበሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜዎች «ይሄማ በጣም ቀለለ» ካስባሉዎት ልክ ነዎት። የሚከሽፈው ፈተና አብዛኛው እዚህ ላይ ይከሽፋል፤ ደስታውና ሰው ማየቱ ያስሮጣል፣ ትንፋሹ በአምስተኛው ላይ ያልቃል።
5. አየሩን ውኃ ውስጥ ሆነው ሙሉ በሙሉ ያስወጡ። «አየር አጠረኝ» የሚል ጀማሪ ብዙ ጊዜ አየር ያጠረው ሳይሆን የድሮውን ስላላስወጣ አዲሱ የሚገባበት ያጣ ነው።
6. ግድግዳውን ነክቶ፣ ገፍቶ መመለስ ይፈቀዳል። ወለል ላይ መቆም ግን መቆም ነው።
7. ሲጨርሱ ግድግዳውን ይዘው ይቆዩ። ቆጣሪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይንገርዎት። ልብዎ እስኪረጋጋ ቆይተው በደረጃው ይውጡ።

*ውኃ ትን ቢልዎት*፦ በጀርባዎ ይገልበጡና እያሳሉ ይንሳፈፉ። መንሳፈፍ ካልቻሉ እጅ ያንሡ።

*ባትዎን ቁርጠት ቢይዝዎት*፦ ግድግዳ ይያዙ፣ ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ። ሲለቅዎት ይውጡ፤ ለዚያ ቀን በቅቷል።

*ደረትዎን ቢወጋዎት ወይም ቢያዞርዎት*፦ ወዲያው ይውጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፣ ወይም ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎት ከሐኪም ጋር የሚነጋገሩት ከፈተናው በፊት ነው።

*ቆጠራው ቢጠፋ*፦ አነስተኛው ቁጥር ይመዝገብ። የሚያከራክር ድል ሲከበር አፍ ላይ አይጣፍጥም።

*400 አቅደው 300 ላይ ቢቆሙ*፦ 300 ብለው ይጻፉ። ያን ቀን አይድገሙ፤ የደከመ ሰው በእልህ ሲመለስ ነው አደጋ የሚደርሰው። ከሳምንት በኋላ ይመለሱ። ከዚያ በፊት 300 ዋኝተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ወደ ደረጃ 7 ይለፉ፤ እሱም ድል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም፦ በፍጥነት ደጋግሞ በመተንፈስ ሳንባን «ሞልቶ» ውኃ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ውድድር አይግቡ። ሰውነት ምንም ሳያስጠነቅቅ ራስን ያስታል። ዋና የሚችሉ ሰዎችን ጭምር የሚገድል ጨዋታ ነው።

ደረጃ 6፦ ከገንዳው ሳይርቁ ይመዝግቡ

ልብስዎን እንደቀየሩ ይጻፉ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር። ገንዳው 18 ሜትር። 23 ጊዜ፣ 414 ሜትር። 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ሳልቆም። አምና በዚህ ወር ውኃው አንገቴ ሲደርስ እወጣ ነበር።»

ቀኑን ሙሉ አድርገው ይጻፉ፤ ሁለቱም ምስክሮች ይፈርሙ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። ቁጥሩ ምን ያህል እንደዋኙ ይናገራል፤ ያ መስመር ግን ከየት እንደመጡ ይናገራል። ሰው የመነሻውን ፈጥኖ ይረሳል፤ ከረሳ በኋላ ደግሞ የደረሰበት ያንስበታል።

ደረጃ 7፦ በዓሉን ከሐይቅና ከወንዝ ያርቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በባሕር ዳር ደስ ያለው ሰው እግሩ የሚወስደው ወደ ጣና ነው። በዳሩ ይቀመጡ፣ ዓሣ ይብሉ፣ ይዩት። አይግቡበት።

ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛ ትሉ ከውኃው ቀንድ አውጣ ይወጣና በጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቶሎ ወጥቶ በፎጣ መታሸትም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ወንዙም ይጎትታል። በገንዳ 400 ሜትር የዋኘ ሰው በየ18 ሜትሩ ግድግዳ እያገኘ የዋኘ ነው፤ ሐይቅ ላይ ግድግዳ የለም። ዘንገናም ያምራል፤ ግን በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ ዳሩ ወዲያው ይጠልቃል፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር መግባትማ አይታሰብ።

ጓደኞችዎ ባለድሉን አንጠልጥለው ገንዳ ውስጥ መወርወር ይወዱ ይሆናል። አስቀድመው ይከልክሉ፤ ጭንቅላት ከጠርዝ ጋር ይጋጫል። ከጠጡ በኋላም ማንም ተመልሶ አይግባ።

*ሐይቁ ውስጥ ገብተው ከሆነ*፦ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ሳል ከመጣብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ጣና እንደገቡ ይናገሩ። ምንም ባይሰማዎትም ከ2 ወር ገደማ በኋላ ይመርመሩ፤ የትሉ እንቁላል በሰገራ ለመታየት ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው፤ መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ባለሙያ ይስጥዎት።

ደረጃ 8፦ ያክብሩ

*የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሰውነት ነው።* ይድረቁ፣ ጋቢውን ይልበሱ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ዳቦውን ይብሉ። የሚንቀጠቀጥ ሰው ደስታው አይታወቀውም።

*ከዚያ ቡናው።* ምስክሮቹን ወደ ቤት ይጥሩ። የዘጌ ቡና ካገኙ እሰየው። በአቦሉ ደብተሩን አውጥተው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምስክሩ ያየውን ይናገር። በቶናው ያገዘዎትን ሰው ያገዘዎትን ነገር ጠቅሰው ያመስግኑ። «ሁሉንም አመሰግናለሁ» አይበሉ፤ «በሦስተኛው ሳምንት ልተወው ስል ስልክ የደወልሽልኝ አንቺ ነሽ» ይበሉ። በበረካው በቤቱ ያለ ትልቅ ሰው ይመርቅ።

እናትዎ «በዚህ ዕድሜህ ውኃ ውስጥ ምን አገባህ» ቢሉ አይከራከሩ። ገንዳ እንጂ ሐይቅ እንዳልነበረ፣ የሚጠብቅዎት ሰው እንደነበር ይንገሯቸውና ጉልበታቸውን ስመው ያስመርቁ። ብዙ ጊዜ ቁጣው ፍርሃት ነው፤ ምርቃቱ ሲያልቅ እሳቸውም ለጎረቤት ማውራት ይጀምራሉ።

*አሁን የሚከብደው።* ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ሲል አፋችን ወዲያው «ኧረ ምን አላት» ይላል። ትሕትና ይመስለናል፤ ግን የመሰከረውን ሰው ምስክርነት ያረክሳል። ለዚያ ቀን ሁለት ደንብ ይያዙ። አንደኛ፣ መልስዎ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ሁለተኛ፣ «ግን» አይበሉ። «400 ዋኘሁ፣ ግን ቀርፋፋ ነኝ» ሳይሆን «400 ዋኘሁ»። ነጥብ። ከከበደዎት አስቀድመው ከምስክሩ ጋር ይለማመዱት፤ ስንዋኝ እንለማመድ የለም ወይ።

*የበዓሉ ስፋት በኪስዎ ልክ ይሁን።* ተበድረው አይደግሱ፣ የእቁብ ብር አይንኩ። ለመጀመሪያው መንሳፈፍ ቡና ይበቃል። ለ400 ሜትር ከምስክሮቹ ጋር በጣና ዳር የዓሣ ምሳ ጥሩ ነው። ለ1,000 ሜትር ደግሞ በጀልባ ወደ ዘጌ መሄድ ይቻላል፦ የዕለቱን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ጠዋት ይነሡ፤ ለሁሉም ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልተሰጠ አይሳፈሩ። እርስዎ ዋና ቻሉ እንጂ አብረውዎት ያሉት አልቻሉም። ከመካከላችሁ ሴት ካለች ክብራን ገብርኤል ገዳም ወንዶችን ብቻ ስለሚያስገባ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይምረጡ።

የሚቀር ነገርም ይኑር። ፎጣው ጫፍ ላይ ቀኑንና ርቀቱን በክር ማስጠለፍ ወጪው ትንሽ ነው፤ ገንዳ በሄዱ ቁጥር ያዩታል።

*«የጣና ልጆች እንኳ…» የሚል እንግዳ ቢመጣ*፦ «እውነት ነው፣ ጎበዞች ናቸው» ይበሉና ቡናውን ይቅዱለት። እነሱ በልጅነታቸው፣ እርስዎ በአዋቂነትዎ ተማሩ። ክርክር አያስፈልገውም።

*ማንም ባይመጣ*፦ ሁለቱ ምስክሮች ካሉ ሞልቷል።

ደረጃ 9፦ አንድ ሳምንት አዲስ ግብ አይጻፉ

ገና ቡናው ሳይፈላ «ቀጥሎ 800» የሚል ሰው ድሉን ወዲያው ወደ ዕዳ ይለውጠዋል። ለአንድ ሳምንት ገንዳ ይሂዱ፣ ደስ ያለዎትን ያህል ይዋኙ፣ ሰዓት አይያዙ። በስምንተኛው ቀን ደብተሩን ከፍተው ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

ሁሉ ድል ርቀት መሆን የለበትም። ክረምቱን ሙሉ ሳያቋርጡ መሄድ፣ በጀርባ 25 ሜትር፣ ፍርሃት የያዘውን ሌላ አዋቂ ከዝቅተኛው በኩል እጁን ይዞ ማስገባት፣ ሁሉም ይጻፋሉ፣ ሁሉም ምስክር ይፈልጋሉ።

*በሥራ፣ በሕመም ወይም በወሊድ ለወራት ቢያቋርጡ*፦ የድሮውን ገጽ አይቅደዱ፤ የተዋኘ ተዋኝቷል። ሲመለሱ በድሮው ርቀት ሩብ ይጀምሩ፤ በአዲስ ገጽ ላይ «ከተመለስኩ በኋላ» ብለው ይጻፉና ምስክሮቹን እንደገና ይጥሩ።